ማደራጀቱ ሥራውን ሲተካ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ የሚያስፈልገውን መረጃ ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ አማካሪዬም የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ምዕራፉን እየጠበቁ ነው። እኔ ግን ላፕቶፔን በከፈትሁ ቁጥር ጽሑፎቹን በፎልደር ስከፋፍል፣ የፋይሎቹን ስም ስቀይር፣ የጊዜ ሰሌዳዬን በኤክሴል በቀለም ለይቼ እንደ አዲስ ስሠራ ይነጋል። ቤተሰቦቼ ታታሪ ናት ይሉኛል፤ የተጻፈ ገጽ ግን የለም። ይህ ስንፍና ነው?

መልስ፦ ስንፍና አይመስለኝም። ሰነፍ ሰው እንቅልፉን አጥቶ ፋይል ሲያስተካክል አያድርም። ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራን ዛሬ ነገ እያሉ ማዘግየት በዋናነት ሥራው ከሚቀሰቅሰው ደስ የማይል ስሜት ለጊዜው የመገላገያ መንገድ እንደሆነ ያስረዳሉ። የእርስዎም ምዕራፍ እንዲህ ዓይነት ስሜት የሚቀሰቅስ ነው፤ ምክንያቱም ይህኛው ጥናት ደካማ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ክፍተቱም እዚህ ላይ ነው ብሎ መፍረድን ይጠይቃል፤ የፈረደ ሰው ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ለፎልደር ስም ማውጣት ግን ማንም ስሕተት ነው የማይለው ሥራ በመሆኑ፣ ድካሙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከፍርድ ያሳርፋል።

ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ያልተፈጸመ ጉዳይ አእምሮን እየረበሸ ቢቆይም፣ ሰዎች ለጉዳዩ ዝርዝር ዕቅድ ሲያወጡ፣ ምንም ሳይፈጽሙት ረብሻው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ግኝቱ ለዕቅድ የሚመሰክር ነው። በእርስዎ ሁኔታ ግን ወደ ጽሑፉ ሊገፋዎት የሚገባውን ስጋት ሰሌዳው በየሌሊቱ እያስታገሠው፣ በማግሥቱም ሌላ ሰሌዳ እያሠራዎት ይመስለኛል።

በቅድሚያ አዲስ ፎልደር መክፈት ያቁሙ። አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተመራማሪዎች 345 የኢሜይል ተጠቃሚዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳወቁት፣ መልእክቶቻቸውን በብዙ ፎልደር የሚከፋፍሉ ሰዎች የፈለጉትን በማግኘት ረገድ በፍለጋ ከሚጠቀሙት አልበለጡም። ጥናቱ ስለ ኢሜይል ቢሆንም፣ በላፕቶፕዎ ያሉትንም ጽሑፎች በደራሲ ስም ፈልገው ማግኘት ይችላሉ።

ቀጥሎ በአንድ ነጥብ ላይ የማይስማሙ ሦስት ጽሑፎችን ይምረጡ። አንብበው ሲያበቁ ይዝጓቸውና የሚለያዩበትን ነጥብና የእርስዎን አስተያየት ከትዝታዎ በአንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ ዓመተ ምሕረት ወይም አኃዝ ቢጠፋብዎት «ምንጭ ይግባ» ብለው ይለፉ እንጂ ለማጣራት አይነሡ። ሰዓቱንና ቦታውንም አስቀድመው ይቁረጡ፤ ለምሳሌ «ቁርስ በልቼ ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ስለ ሦስቱ ጥናቶች አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ» ይበሉ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ይህን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል የዕቅድ ዓይነት ነው፤ ከእርስዎ ሰሌዳ የሚለየውም ሳምንቱን ሁሉ ሳይሆን የመጀመሪያውን ድርጊት ብቻ በመወሰኑ ነው። ፋይል ማስተካከል የሚፈቀደው አንቀጹ ከተጻፈ በኋላ፣ ያውም ለዚያ አንቀጽ ምንጭ ለማስገባት ብቻ ይሁን።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክርዎት አማካሪዎን እንዲያነጋግሩ ነው። ብዙ ተማሪዎች፣ ከፍርሃትም ከአክብሮትም የተነሣ፣ ያልተስተካከለ ጽሑፍ ለመምህር ማሳየትን እንደ ድፍረት ስለሚቆጥሩት ለወራት ይጠፋሉ፤ ይህም በጣም ያሳዝነኛል። ሁለት ገጽ ረቂቅ ልከው አቅጣጫው ትክክል መሆኑን ብቻ እንዲያዩልዎት በትሕትና ይጠይቋቸው። ይህን ሁሉ አድርገው ጭንቀቱ እንቅልፍ መንሣቱን ከቀጠለ፣ በዩኒቨርሲቲዎ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ካለ ወደዚያ ይሂዱ፤ ከሌለም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።