«ቆዳዬ ወጠር ካላለኝ የጸዳሁ አይመስለኝም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? ከወለድኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዳይፐር በቀየርኩ ቁጥር፣ ጡጦ ባጠብኩ ቁጥር፣ ልጁን ከማንሳቴ በፊት እጄን እታጠባለሁ። አሁን አይበሉባዬ ተሰነጣጥቋል። ሎሽን ስቀባው ያንገበግበኛል። ቆሻሻ ገብቶበት ይሆናል ብዬ በሙቅ ውሃ ደህና አድርጌ ብፈትገው ባሰበት። እውነቱን ለመናገር፣ ከታጠብኩ በኋላ ቆዳዬ ወጠር ካላለኝ የጸዳሁ አይመስለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ያ «ወጠር» የሚልሽ ነገር ንጽህና አይደለም፤ ቅባቱ ታጥቦ ያለቀ ቆዳ ነው። እኔም ደርሶብኛል። ተማሪ ሳለሁ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው በሄድኩ ቁጥር እጄን እፈትግ ነበር። አንድ ቀን ጓንት ሳወልቅ የጣቶቼ አንጓ ሲደማ ያየች ነባር ነርስ፣ «አንተ ልጅ፣ እጅ ነው ወይስ ድስት የምታጥበው?» አለችኝ።

ነገሩ እሷ እንዳለችው ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የወረቀት ያህል። ከሥር አዳዲስ ሴሎች ይፈጠራሉ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ሲደርሱ ሞተው ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ጉዞው አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እነዚያ ላይ ላዩን የተደራረቡት ሙታን ናቸው ከውስጥ ያለውን ውሃ የሚያቆዩልን። ብቻቸውን ግን አይችሉም፤ በመካከላቸው ያለው ቅባት ነው የሚያያይዛቸው። ሳሙና ደግሞ የድስት ቅባትና የቆዳ ቅባት ለይቶ አያውቅም።

ሌላም አለ። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) 5 አካባቢ ነው። ተራው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ቆዳሽ ከአንድ መታጠብ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ሰዓታት ሊፈልግ ይችላል። አንቺ ግን ሳያገግም ትመለሺበታለሽ። መዳፍ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፤ አይበሉባ ስስ ነው፣ ቶሎ ይሸነፋል።

ቀለበት ታደርጊ እንደሆነ አውልቂና ሥሩን እዪልኝ። ቀልቶ ከተላላጠ ሳሙናው እዚያ ተደብቆ እየቆየ ነው። ለጊዜው ቀለበቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

መታጠቡን አትተዪ፤ ልጅ አለሽ። ውሃው ግን ለብ ያለ ይሁን፣ ማጽጃውም ሽቶ የሌለው ለስላሳ። በደንብ አለቅልቂው፤ በፎጣ መታ መታ እንጂ ፍትጊያ የለም። ከዚያ ገና እርጥበቱ ሳይለቅ ቫዝሊን። ቫዝሊን ራሱ እርጥበት አይሰጥም፤ ያለው እንዳያመልጥ ይከድናል። ደረቅ እጅ ላይ ብትቀቢው የምትከድኚው ድርቀቱን ነው። ሎሽንሽ የሚያንገበግብሽ ውስጡ ያለው ሽቶና ሎሽኑ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ኬሚካል ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ሊሆን ይችላል፤ ቫዝሊን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ማታ ወፈር አድርገሽ ተቀቢና የጥጥ ጓንት አጥልቂበት። ጓንት ከሌለ ንጹህ የጥጥ ካልሲ ይሠራል (ባልሽ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ)።

ስንጥቁ ሲድን፣ እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ በሌለ ጊዜ ግሊሰሪን ያለበት የአልኮል ማጽጃ መጠቀም ትችያለሽ፤ ለቆዳ ከሳሙና ይቀላል። ከዳይፐር በኋላ ግን ሳሙና ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ወዳጅ «እኔን አድኖኛል» ብሎ የሚሰጥሽን ክሬም አትቀቢ። ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ሊኖርበት ይችላል፤ ያለ ሐኪም ሲዘወተር ቆዳውን ያሳሳዋል።

ሦስት ቀን ሞክረሽ «አልሠራም» እንዳትዪኝ፤ ያቺን የአራት ሳምንት ጉዞ አስቢያት። መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለሽ ግን አትጠብቂ፤ ሐኪም ይየው።