ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ ለምትጓዙ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ቦርሳችሁን አዝላችሁ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ ለመውረድ እንደምታስቡ እሰማለሁ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በዱር እንስሳት ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ቦታ አታብዙ። ዲያኒ፣ ማሊንዲ፣ ላሙ እያላችሁ በየቀኑ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ ከምትንከራተቱ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ዋታሙ ላይ ሰንብቱ።

አብዛኞቻችሁ ያደጋችሁት ባሕር ሳታዩ ነው። ባሕሩ እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ይህን ማወቅ ከካሜራ ይበልጣል። ዋታሙ አጠገብ ሚዳ ክሪክ የሚባል፣ በማንግሮቭ ዛፎች የተከበበ፣ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ የባሕር ውሃ አለ። ውሃው ሲጎድል ሰፊ ጭቃ ይገለጣል፣ ወፎቹም ምግብ ፍለጋ እስከ ሩቅ ይበተናሉ። በዚያ ሰዓት ደርሶ የተመለሰ ሰው “ምንም የለም” ብሎ ያወራል። መሙላት ሲጀምር ግን ጭቃው እየጠበበ ወፎቹን ወደ ዳር ይገፋቸዋል፤ ተቀምጣችሁ ከጠበቃችሁ ራሳቸው ይመጡላችኋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰሜን አውሮፓና እስያ ብርድ የሸሹት አብረው ይውላሉ። ከሁሉ የምወደው ጥቁርና ነጩን፣ ወፍራም መንቆር ያለውን ሸርጣን በል ወፍ ነው። የሚራባው በቀይ ባሕር፣ በሶማሊያና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች ሲሆን፣ እንቁላሉን የሚጥለው አሸዋ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ አራቡኮ ሶኮኬ ጫካ ግቡ። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ጫካ ከምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳር ደኖች የተረፈው ትልቁ ነው። እዚያ ሴንጊ የምትባል፣ ዳሌዋ ወርቅማ፣ አፍንጫዋ ረዝሞ የሚንቀሳቀስ ትንሽ እንስሳ አለች። አይጥ ብትመስልም ዝምድናዋ ለዝሆን ይቀርባል። ደረቅ ቅጠል ስትጭር ድምጿን ትሰማላችሁ፤ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ከሆነ ግን አልፋችኋት ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በእጅ ምልክት ተስማሙ፣ ቀድሞ ያየ አይጩህ። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ጓደኛችሁንም አታጣድፉት። ብዙውን ጊዜ ሌላው ያላየውን የሚያየው እሱ ነው።

የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ፣ ክፍያውም ላይ አትከራከሩት። ቁመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነችውን የሶኮኬ ጉጉት ቀን የምታርፍበትን ቁጥቋጦ የሚያውቀው እሱ ነው። የጫካው ዙሪያ ነዋሪዎች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪፔፔዎ በተባለ ፕሮጀክት የቢራቢሮ ሙሽሬ (ቢራቢሮ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በሽፋኑ ውስጥ ያለውን) እያረቡ ወደ ውጭ ይሸጣሉ፤ ጫካው ቆሞ እንዲቆይ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ገቢ ነው።

የባሕር ኤሊ እንቁላል ስትጥል ለማየት ከፈለጋችሁ፣ ኤሊዎቹን ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ካልሆነ በሌሊት አሸዋው ላይ አትውጡ። ከውሃ ስትወጣ ብርሃን ወይም እንቅስቃሴ ካየች ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች። የሚፈለፈሉት ጫጩቶችም ወደ ባሕር የሚሄዱት ደመቅ ያለውን አድማስ እየተከተሉ ነውና፣ የስልካችሁ መብራት ወደ የብስ ሊመልሳቸው ይችላል። ፎቶው ይቅርባችሁ።

ከቤት ስትነሡ ልብሳችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ። ኬንያ ፌስታልን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስ በፓርኮችና በተከለሉ የባሕር ዳርቻዎች አይፈቀድም። ኤሊዎቹ ላስቲክ ውጠው ይሞታሉ። የጨርቅ ከረጢትና ደጋግማችሁ የምትሞሉት የውሃ ኮዳ ያዙ።