ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

በቀደም አንዲት የሶሻል ወርክ ተማሪ «ጋሼ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ጋ ስንሄድ ምንድነው የምንለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ቆሻሻ ክምር የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነበር። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ ያኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበርኩ።

አንዲት እናት ከዓይኔ አትጠፋም። የልጇ አስከሬን ገና አልወጣም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ወደ ቁፋሮው አዙራ ተቀምጣለች። ቅጽ የያዘ ሁሉ እየመጣ «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪን» ይላታል። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። እሷም በየተራ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በመጨረሻ ድምጿ ተዘጋ። ይሄኔ አንዲት የእድር እናት ተነስተው መሀል ገቡ። «ልጆቼ፣ ይበቃል! እህል በአፏ አልዞረም» አሉ። እንጀራውን በሽሮ አለስልሰው አጎረሷት። አንድም ነገር አልጠየቋትም። ማታም አጠገቧ አደሩ።

የዓለም ጤና ድርጅትም የተጎዳን ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ አታስገድዱት ነው የሚለው። እኚያ እናት ይህን ከማንም አልተማሩትም።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ ሲነሳ ባለሙያውም አብሮ ተነሳ። ቤቱ ጭር ሲል፣ ሌሊት መባነኑ ሲጀምር፣ ማንም አልነበረም።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ፈጣኖች ናችሁ። በአንድ ሌሊት በቴሌግራም ብርድ ልብስና ዱቄት ስታሰባስቡ አይቻለሁ፤ እኛ ይህን አንችልም ነበር። ግን ቶሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ታልፋላችሁ። ያዘነውን ሁሉ «ትራውማ አለበት» ማለትም አብዝታችኋል። አብዛኛው ሰው ቤተሰብና ጎረቤት ካልተለየው በጊዜ ብዛት ይጽናናል።

አትጠይቁ ያልኩ መስያለሁ፤ የሚጠየቅማ አለ። እንቅልፍ ይወስደዋል? ይበላል? ድሮ የሚወስደው መድኃኒት ነበር? አላቋረጠም? ሳምንታት አልፈው ከአልጋ መነሳት ያቃተው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» ያለውን ደግሞ ለአፍታም ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን አብራችሁት ሂዱ። ጸበል ልሂድ ካለ አትከራከሩት፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

በከተማው ዳር ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እድር የለውም። ሰልስቱ ካለፈ ዞር ብሎ የሚያየው አያገኝም። በአርባው የእሱን በር አንኳኩ።