ሚጣ ከሐኪም ስትመለስ ዳማ «አላውቅሽም» አለቻት

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ሚጣና ዳማ የሚባሉ ድመቶች አሉኝ፣ ከአንድ እናት የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው፣ ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ እስከዛሬ ተቃቅፈው ነበር የሚተኙት። ማክሰኞ ሚጣን እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን አሰርቼ ማታ በካርቶን ይዣት ገባሁ፣ ገና ካርቶኑን ስከፍተው ዳማ ጀርባዋን ቆልምማ ፀጉሯን አቁማ እፍፍፍ አለችባት፣ ከዛ ወዲህ ባየቻት ቁጥር ትዘልባታለች፣ ሚጣዬ አልጋ ስር ገብታ ቀረች። ጎረቤቶቼ ሽታዋ ነው በደቶል እጠቢያት ይሉኛል። ልጠባት? ወይስ ለአንዷ ሌላ ቤት ልፈልግላት? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደቶሉን አስቀምጪው። ደቶል ለድመት መርዝ ነው፣ ቆዳዋን ያቃጥላታል፣ ስትልሰው ደግሞ አፏንና ጉሮሮዋን። ቁስሏም እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን ውሃ ባይነካው ነው የሚሻለው። አሟታል ብለሽ ፓራሲታሞልም እንዳትሰጪያት አደራ፣ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል።

ጎረቤቶችሽ ምክንያቱን ግን አልሳቱትም። ድመት እህቷን በዋናነት የምታውቃት በማሽተት ነው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሲተሻሹ አይተሽ የለ፣ ጉንጫቸው ላይ ሽታ የሚያወጣ እጢ አለ፣ ሲተሻሹ የሁለቱም ይቀላቀልና የቤታችን ሽታ ይሆናል። ሚጣ ክሊኒክ ስትውል ያ ሽታ በአልኮል፣ በመድኃኒት፣ በሌላ እንስሳ ሽታ ተሸፈነ፣ ጭራሽ ማደንዘዣው ሳይለቃት እየተንገዳገደች ገባች። ለዳማ የገባችው እህቷ አይደለችም፣ የእህቷን መልክ የያዘች እንግዳ ናት። ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ስለሆነ አትምቻት፣ አትጩሂባት፣ ፍርሃቱን ነው የምትጨምሪባት።

ዛሬውኑ ለዪያቸው። ሚጣን የራሷን ውሃ፣ ምግብና አሸዋ አድርገሽላት አንድ ክፍል ዝጊባት፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን። ከዛ አሮጌ ነጠላ ለሁለት ቅደጂ፣ አንዱን የዳማን ጉንጭ ቀስ አድርገሽ አሽተሽበት ሚጣ የምትተኛበት ላይ አንጥፊው፣ ሌላውን የሚጣን አሽተሽ ዳማ ሰሃን አጠገብ አድርጊው። መጀመሪያ ጨርቁንም እፍፍ ልትልበት ትችላለች፣ ተዪው እዛው ይሁን። ጨርቁን ከቁብ ሳትቆጥር አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትበላ ያኔ ነው ሁለቱን በተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ የምትመግቢያቸው፣ ሰላም ከሆነ በሩን ገርበብ፣ ከዛ አንቺ ባለሽበት ለጥቂት ደቂቃ ማገናኘት። በሁለት ቀን የሚታረቁ አሉ ሳምንታት የሚፈጅባቸውም አሉ፣ ከተበላሸ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሺ። ሌላ ቤት መፈለጉ አሁን በፍፁም አይታሰብም።

ሲጣሉ እጅሽን አታስገቢ፣ መሃላቸው ትራስ ወይ ካርቶን ክተቺ። ከነከሱሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥበሽ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፣ ድመትም ያስተላልፈዋል። ሁለቱንም አስከትቢያቸው።

ሚጣ ቀኑን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ወይ ቁስሉ ካበጠ ሳትውይ ሳታድሪ መልሰሽ ውሰጃት። የዳማ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሁለቱ አብረው የተኙበትን ጨርቅ ካርቶኗ ውስጥ አንጥፊላት፣ ስትመለሱም ሳሎን ላይ ሳትከፍቺው በቀጥታ ወደ ብቻዋ ክፍል አስገቢያት።