ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የሰጠሁት ምክር

ድሬዳዋ ላላችሁ ልጆቼ፣

በቅየሳ ሥራ ሳለሁ "የተፈጥሮ አደጋ" የሚለውን ቃል ስንት ሪፖርት ላይ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ዛሬ ልጻፈው ብል እጄን ያዝ ያደርገኛል። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፣ እሺ። አደጋው ላይ ግን የእኛም እጅ አለበት።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግር ያሻግራል፣ ኳስ ያጫውታል። ወንዝ መሆኑ ይረሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሊነጋ ሲል ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ።

ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ዛፉ የተመነጠረ ተራራ ውሃ አይይዝም፣ ቁልቁል ይለቀዋል። ስለዚህ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

ከጎርፉ ጥቂት ዓመታት በፊት ወንዙ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። "ኢንጂነሬ፣ እዚህ ጋ አንድ ክፍል ልጨምርና ላከራይ ነው፣ ምን ትለኛለህ?" አለችኝ። "አቦ ሥሪ፣ እኔ ካደግኩ ውሃ እዚህ ደርሶ አያውቅም" አልኳት። ይህን ስላት የተቀመጥኩት ትልቅ ድንጋይ ላይ ነበር። ዙሪያው እንደ እንቁላል የለሰለሰ። እንዲህ የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። ድንጋዩን ማን እዚያ እንዳመጣው አልጠየቅኩም። ቀያሽ ነኝ እኮ!

ያን ሌሊት እሷ ሐረር ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ተረፈች። ክፍሉ ከነግድግዳው ሄደ። በኋላ ሳገኛት አልወቀሰችኝም፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው። ቤት ስትከራዩ ግን ግንቡን ብቻ አትዩ፣ መሬቱንም እዩ። ክብ ድንጋይ ካለ ውሃ ያውቀዋል ማለት ነው። "እዚህ ደርሶ አያውቅም" የሚላችሁን ሽማግሌ፣ እኔንም ጨምሮ፣ "ስንት ዓመትህ ነው?" በሉት። ደጋው ላይ፣ ደንገጎ በኩል ዘመድ ካላችሁ ደግሞ በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ሌሊትም ቢሆን እንዲደውል ንገሩት። ስልካችሁንም ድምፁን አጥፍታችሁ አትተኙ።