መልስ፦ «ኖት» (በእንግሊዝኛ «ያልሆነ») ብዬ ጽፌ የማልፈልገው ነገር ለምን ይመጣል?

«ጃቫ ኖት ፕሮግራሚንግ» ብለው ስለ ኢንዶኔዥያዋ ደሴት ሲፈልጉ ገጹ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ኮድ መሞላቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጎግል «ኖት»ን እንደ ትእዛዝ አያውቀውም፤ እንደ ተራ ቃል ይቆጥረዋል። በምትኩ የመቀነስ ምልክት ይጠቀሙ፦ «ጃቫ -ፕሮግራሚንግ»። ከምልክቱ በፊት ክፍት ቦታ ይኑር፣ ከኋላው ግን አይኑር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው።

«ኤንድ» (እና) መጻፍ ትርፍ ድካም ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ራሱ «ሁሉም ቃላት ይኑሩ» ይላል። ያም ሆኖ ጎግል አንዳንዴ አንዱን ቃል ይጥለዋል ወይም በተመሳሳዩ ይተካዋል። ቃሉ የግድ ይኑር ካሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት። ድሮ ለዚህ የመደመር ምልክት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አነሡት (የእኔ እጅ ግን እስካሁን ይሄድበታል)።

ዋናው ጣጣ ያለው «ኦር» (ወይም) ላይ ነው። እዚህ በእኛ ፊደል ብጽፈውም፣ ሲፈልጉ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ካልጻፉት እንደ ተራ ቃል ይታለፋል። ከዚያ ደግሞ የቅደም ተከተል ጉዳይ አለ። «ሕክምና ወባ ኦር ታይፎይድ» ቢሉ ጎግል መጀመሪያ ወባንና ታይፎይድን በ«ኦር» ያጣምራል፤ ስለ ሕክምና ሆኖ ከሁለቱ አንዱን የሚያነሳ ገጽ ይፈልጋል። የማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ ቢንግ ግን «ኤንድ»ን ያስቀድማል፤ ስለዚህ ሕክምና የሚል ቃል የሌለበት የታይፎይድ ገጽም ሰተት ብሎ ይገባል። የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ነው የሚያሰላው። በቢንግም በፐብሜድም ቅንፍ ይጠቀሙ፦ «ሕክምና ኤንድ (ወባ ኦር ታይፎይድ)»።