የቤተሰብ ፎቶ እያደሱ ኤዲቲንግ መማር፦ ጥያቄና መልስ

ፎቶ ቤት ውስጥ የተቀደደና የወየበ ፎቶ ማደስ እንጀራዬ ነው። ኤዲቲንግን በራሳቸው ቤተሰብ ፎቶ መማር የሚፈልጉ ሰዎች የልባቸውን እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር፤ ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፎቶሾፕ ለመግዛት አቅም የለኝም። በምን ልጀምር?

መልስ፦ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጀምር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰራጭ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ኢንተርኔትህ ደህና ከሆነ ደግሞ ፎቶፒያ በብራውዘር ይሠራል። መልኩ ፎቶሾፕን ስለሚመስል ኋላ ለመሻገር ይቀልሃል።

ጥያቄ፦ ለምን በቤተሰብ ፎቶ? ለልምምድ የሚሆን ፎቶ እንደሆነ ሞልቷል።

መልስ፦ የማታውቂው ሰው አፍንጫ በእጅሽ ቢቀጥን አይታይሽም። የእናትሽ ቢቀጥን ግን ምኑ እንደተለወጠ መናገር ቢያቅትሽ እንኳ «እሷ አይደለችም» ትያለሽ። ሥራሽን ስትጨርሺ ለአክስትሽ አሳዪያት፤ ፕሮግራሙን አታውቀውም፣ ፊቱን ግን ታውቀዋለች። ከእሷ የሚበልጥ ፈታኝ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ስካነር ላይ በስንት ላንሣው? ስካነር ባይኖርስ?

መልስ፦ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ይበቃዋል፤ ወደ 2,360 በ3,540 ፒክስል ይሰጥዎታል። ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1,200 ያድርጉት። ስካነር ከሌለ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው ያንሡ። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ እባክዎ አይላጡት፤ ከነመስታወቱ ያንሡት። ኔጋቲቩ (ፎቶው የታተመበት ፊልም) በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ከተገኘማ ከታተመው ፎቶ እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የወላጆቼ የሠርግ ፎቶ ቀልቶ ቀልቶ ሸክላ መስሏል። ይመለሳል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የቀለም ፎቶ ሦስት ማቅለሚያዎች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በታተሙ ብዙ ፎቶዎች ላይ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ማቅለሚያ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ቀዩ ጎልቶ ይቀራል። «ሌቭልስ» የሚለውን የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ ክፈትና ሦስቱን ቻናሎች (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ለየብቻ አስተካክል። በቀዩ ቻናል ላይ ከግራፉ ሥር ያለውን የግራ መያዣ፣ የግራፉ ተራራ እስከሚጀምርበት ድረስ ወደ ቀኝ ግፋው። ለውጡ ወዲያው ይታይሃል። ከዚያ በአረንጓዴውና በሰማያዊው ድገመው።

ነጩን ለመለካት የእናትህን ነጠላ ተጠቀም፤ ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ እንደ ወረቀት አይነጣም፣ ትንሽ የወተት መልክ ተውለት። በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ አልወደውም፤ ጥቁር ቆዳን ሲያቀላ ወይም አመድ ሲያስመስል ብዙ አይቻለሁ። ነገሩ የቆየ ነው። የፎቶ ኩባንያው ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ያዘጋጀው የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የቆዳ ቀለም የሚለካውም በእሷ ነበር።

ጥያቄ፦ የአያቴን ፎቶ ሳጸዳ የቱ እድፍ፣ የቱ የፊቷ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ግራ መጋባትሽ ደግ ነው። ጀማሪዎች የአንገት ንቅሳትን እንደ እድፍ ቆጥረው ሲጠርጉት አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ የደረሰውን አጥፊ፣ ሴትየዋ ላይ ያለውን ተዪ። እድፍ ከቆዳ ተነሥቶ ልብሱን አቋርጦ ይሄዳል፤ ንቅሳት ጥለቱን ይዞ ቆዳው ላይ ይቀራል። ከተጠራጠርሽ ሌላ ፎቶዋን አመሳክሪ። መጨማደዷንም አትንኪባት።

ጥያቄ፦ ፎቶው ታጥፎ መስመሩ በአባቴ ዓይን ላይ አልፏል።

መልስ፦ መጀመሪያ ባዶ ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንጣፍ) ጨምርና እዚያ ላይ ሥራ፤ ዋናው አይነካ። ጉንጭና ግንባር ላይ «ሂሊንግ» የሚባለው ብሩሽ ይሆናል፤ ቀለሙን ከአካባቢው ጋር ያስማማዋል። ፀጉር መስመርና ኮሌታ ጠርዝ ላይ ግን ያደፈርሰዋልና አንዱን ቦታ እንዳለ ወደ ሌላው የሚገለብጠውን «ክሎን» ተጠቀም። ዓይኑ ጨርሶ ከጠፋ ሌላኛውን ገልብጠህ አትለጥፍ። የብርሃኑ ነጥብ በተቃራኒ ጎን ይወድቃል፣ የማንም ሰው ሁለት ዓይን ደግሞ አንድ አይደለም። በተቀራራቢ ዕድሜ ከተነሣው ፎቶ ተዋስ።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ሪያድ፣ እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። በአንድ ፎቶ ልታዋህደን ትችላለህ?

መልስ፦ ራስሽ ትችያለሽ፤ ግን ሥራው የሚያልቀው ፎቶው ሲነሣ ነው። ሦስታችሁም በጥላ ውስጥ ወይም ደመና ባለበት ቀን፣ በስልኩ ዋና ሌንስ፣ ከሦስት ሜትር ያህል ርቀት፣ ካሜራው በደረት ከፍታ ሆኖ ተነሡ። ብርሃኑ ለሁላችሁም ከአንድ ጎን ይምጣ። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ከተነሣ ምንም ብልሃት አያድነውም። ከጀርባ ተቀራራቢ ቀለም ያለው ግድግዳ ምረጡ፤ የፀጉር ጠርዝ ቆርጦ ማስማማት ከሁሉ የከፋው ሥራ ነውና።

ከዚያ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ሌየር አስቀምጪ፤ በላጲስ ከመደምሰስ ይልቅ በማስክ (ሳያጠፋ በሚደብቅ መሸፈኛ) ሸፍኚ፣ ብትሳሳቺ ይመለስልሻል። ቁመታችሁን ታውቂዋለሽና መጠኑን በእሱ ለኪ። ቀጥሎ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ጥላው ነው፤ ጫማና መሬት በሚነካኩበት ቦታ ቀጭን ጥቁር ጥላ ከሌለ ሰው ተንሳፍፎ ይቀራል። ሙያው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በ1858 እ.ኤ.አ. የታመመች ልጅንና ቤተሰቧን ያሳየበትን ፎቶ ከአምስት ኔጋቲቭ ነበር ያዋሃደው።

ጥያቄ፦ ያረፈውን አባታችንን በእህቴ ሠርግ ፎቶ ውስጥ ማስገባት ነውር አይሆንም?

መልስ፦ በመጀመሪያ እናታችሁን ጠይቁ። የምትጽናና አለች፣ ቁስሏ የሚነካባትም አለች። እኔ ሲጠይቁኝ እሠራለሁ፤ ነገር ግን ከጀርባው «የተዋሃደ» ብዬ እጽፋለሁ፣ የልጅ ልጅ አያቱ በሠርጉ ቆሞ ነበር ብሎ እንዳይመሰክር። ሙሽራዋን አቅፎ እንዲታይ ማድረጉን አልደግፈውም። ምስሉን በፍሬም አድርጎ ከሙሽሮቹ ጎን ማስቀመጥ ለእኔ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሰከንድ አይሠራውም?

መልስ፦ ግድግዳና ሰማይ ላይ ያለ ጭረት ይሥራው፣ አልከለክልም። ፊት ላይ ግን የጠፋውን አያገኘውም፤ ፈጥሮ ይሞላዋል። ከሩቅ የተነሣች ብዥ ያለች ፊት በእሱ ስታጠራ የባዕድ ሰው ዓይን ተተክሎባት ታገኛታለህ። ያማረ ዓይን ነው፣ የአጎትህ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ስጨርስ እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ስካኑን ሳይነኩ ቲፍ በሚባለው ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት፣ ሥራውን ከነሌየሮቹ በፕሮግራሙ በራሱ ፋይል፣ ለመላክ የሚሆነውን ጄፔግ በሚባለው ትንሽ ፋይል። ጄፔግ ተከፍቶ እንደገና ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል።